ከሰማንያ በመቶ በላይ

ሟቹን ያገኘሁት በጋራዡ ሲሚንቶ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነው። የቱታው ደረት እስከ እምብርቱ ተከፍቷል። አጠገቡ ኮፈኗ የተከፈተ ነጭ የኤሌክትሪክ ታክሲ ቆማለች። ከታክሲዋ ፊት አንድ ጎልማሳ መሬት ላይ ተቀምጦ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ያያቸዋል። የታክሲዋ ሹፌር እሱ ነው።

የአምቡላንሱ ባለሙያ ጓንቱን እያወለቀ ወደ እኔ መጣ።

«ኤሌክትሪክ ነው» አለኝ። «በቀኝ መዳፉ ገብቶ በግራ ክርኑ ወጥቷል። እኛ ስንደርስ ይኼ ሰውዬ ደረቱን እየተጫነ ነበር። በግድ ጎትተን ነው ያላቀቅነው።»

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ሆኗል። ረዳቴ የሆነችው ሳጅን ጉልበቷ ላይ ተንበርክካ ከሟቹ ኪስ የምታወጣውን ዕቃ እየጻፈች ወደ ፖስታ ትከታለች። ስልክ አንድ፣ መነጽር ከነማኅደሩ አንድ፣ የመኪና ቁልፍ አንድ፣ ብርቱካንማ የፕላስቲክ እጀታ አንድ፣ መሐረብ አንድ። ዝርዝሩን አይቼ ፈረምኩ። ስንት ሺህ እንዲህ ያለ ዝርዝር ፈርሜያለሁ፤ ማን ልብ ብሎ ያነበዋል?

የእኛ የቴክኒክ ባለሙያ ከመኪናዋ ውስጥ ብቅ አለ።

«መኪናዋን እንደበራች ነው ያገኘናት ጋሼ። ቁልፍ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተጥሏል። የባትሪው ማቋረጫ ቦታው ላይ ነው። ሟቹ ኃይሉን ሳያቋርጥ ነው ሥራ የጀመረው ማለት ነው። ባዶ እጁን ሽቦው ላይ እንዳደረገ አንድ ሰው ገብቶ ማስነሻውን ተጫነ። ክዳን ሲከፈት ኃይል የሚያቋርጠው መከላከያ ደግሞ ድሮ ነው የተበላሸው።»

«ስትነሳ አይሰማም እንዴ? ዘሎ አይወጣም?»

«የኤሌክትሪክ እኮ ነች፤ ምን ድምፅ አላት!»

ይኼንን እንኳ አላጣሁትም። አንዷ እኔም ቤት አለች። ባለቤቴ ዘይት መቀየር የለ፣ የነዳጅ ሰልፍ የለ ብላ አግባብታኝ ከገዛናት ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። እውነቷን ነው፣ የለም። ቻርጅ ለማድረግ በወጥ ቤታችን መስኮት ስለሚወጣው ገመድ ግን አልነገረችኝም። መብራት በጠፋ ቁጥር በእግሬ እንደምሄድ፣ መኪናዋ ከባድ ስለሆነች ጎማ በድሮው ግማሽ ዕድሜ እንደሚያልቅም አልነገረችኝም። እስከ ዛሬ ስንጨቃጨቅ አለን።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ባለጋራዡ የደንበኛ መኪና እየነዳ ገባ። ጸጉሩ የሸበተ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ደልደል ያለ ሰው ነው። ሬሳውን ሲያይ መኪናው ላይ ተደገፈ። ሳጅኗ ወንበር አቀረበችለት።

«እጄ ላይ ያደገ ልጅ ነው» አለና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ዝግታ እያልን ነበር የምንጠራው። አንድ ብሎን ለመፍታት ሦስት ጊዜ ያስባል። ምነው ዛሬ እንዲህ ተዘናጋ?»

«ከሰው ጋር ጠብ ነበረው?»

ወደ ሹፌሩ አየት አደረገና ቶሎ ዓይኑን መለሰ። አልወደድኩለትም፤ ግን አለመውደድ ማስረጃ አይሆንም።

«በሰው ላይ መናገር አልወድም። ሰኞ ዕለት እዚሁ ቆሞ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ እገልሃለሁ ብሎታል። በባትሪው ተናዶ።»

«የመኪናዋ ቁልፍ ስንት ነው?»

«እኛ የተረከብነው አንድ ነው። ሌላው ከሹፌሩ ጋር ነው።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«የደንበኛ መኪና ቻርጅ ላደርግ ወጥቼ።» ስልኩን ከፍቶ የቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያውን ደረሰኝ አሳየኝ። ሦስት ሰዓት ከአምስት ተሰካ፤ አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ተነቀለ። ሹፌሩ አምቡላንስ የጠራው ልክ በአራት ሰዓት ነው። ሳጅኗ ደረሰኙን ፎቶ አነሳችና ከስሙ አጠገብ ምልክት አደረገች። ሰውየው ከጥርጣሬ ወጣ ማለት ነው።

ሹፌሩን ጣቢያ ይዘነው ስንገባ የሟቹ ሚስት በሩ ላይ ደረሰችብን። ማንም ሳይይዛት ሄዳ ደረቱን በጡጫ መታችው። «ምን አደረገህ? ምን በደለህ?» አለችው። ሰውየው ለመከላከል እንኳ እጁን አላነሳም። አንጀቴን በላው፤ ግን አንጀት የሚበላ ገዳይም አይቻለሁ።

ውስጥ ገብተን ውሃ ሰጠሁት። ሳይጠጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እገልሃለሁ ብለኸዋል?»

«ብዬዋለሁ።»

«ለምን?»

«አዲስ ባትሪ ብለው ከገጠሙልኝ ስምንት ወሩ ነው። የመኪናዋን ግማሽ ዋጋ ነው ያወጣሁት። በመጀመሪያው ሰሞን አንዴ ቻርጅ አድርጌ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር እነዳ ነበር። ከዚያ መቶ ሆነ። አሁን ስልሳ። ተሳፋሪ ጭኜ ዳገት መሐል ቆማብኛለች፤ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ወርዳ በእግሯ ሄደች። ሰኞ ሳመጣት ዝግታ ከፍቶ አየና ዝም አለኝ። "ምንድን ነው?" ስለው "ትንሽ ታገሰኝ" ይለኛል። ምኑን ልታገስ? ያኔ ነው የጮህኩት።»

«ዛሬስ ለምን ሄድክ?»

«ደውሎልኝ ነው። "በዓይንህ እንድታይ የምፈልገው ነገር አለ፣ አራት ሰዓት ላይ ና" አለኝ። ስደርስ ወድቆ አገኘሁት። አምቡላንስ ጠራሁ። በስልኩ ያለችው ልጅ እስኪመጡ እጅህን ከደረቱ እንዳታነሳ አለችኝ። አላነሳሁም።»

«ወንበሩ ላይ ያለው ቁልፍ የአንተ አይደለም?»

«ጌታዬ፣ ሁለቱንም ቁልፍ ሰኞ ዕለት በእጁ የሰጠሁት ለባለጋራዡ ነው። መኪናዋ ውስጥም አልገባሁም። ልጆቼ ይሙቱ።»

ለልጆቹ እየማለ የሚዋሽ ሰው ሞልቷል። ሆኖም ከቀትር በኋላ የአሻራው ውጤት መጣ። ወንበሩ ላይ የተገኘው ቁልፍ አንድም አሻራ የለበትም። ተጠርጓል።

«እስቲ አስቢው» አልኳት ሳጅኗን። «የራሱን ቁልፍ ጠርጎ፣ ወንበሩ ላይ ጥሎ፣ ሄዶ ሬሳ ላይ ይንበረከካል?»

«ደንግጦ ይሆናላ ጋሼ።»

«የደነገጠ ሰው ይጠርጋል?»

አለቃችን ኮማንደሩ ግን ፋይሉን በጣቱ ገፋ አደረገልኝ። «ዝቷል። ሬሳው ላይ ተይዟል። ቁልፉም የእሱ ነው። ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ነገ ስድስት ሰዓት ላይ በግድያ ወንጀል ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

«ነገ ስድስት ሰዓት እኮ ሩቅ ነው» ብዬው ወጣሁ። በልቤ ግን ሩቅ አለመሆኑን አውቄዋለሁ። ሰው አንዴ በግድያ ከተከሰሰ በኋላ ነጻ ነህ ቢባል እንኳ የሰፈሩ ዓይን አይለቀውም። ፋይሉ ከእጄ ከመውጣቱ በፊት እውነቱን ማግኘት አለብኝ ብዬ ሙጭጭ አልኩ።

መጀመሪያ የያዝነው መንገድ የትም አላደረሰንም። ሳጅኗ የቆየ ጠብ አገኘሁ ብላ እየሮጠች መጣች። ዝግታ ያገለገሉ መኪናዎችን ከሚሸጥ ነጋዴ ጋር ተናንቆ ያውቃል። ነጋዴው የሚሸጣቸው መኪናዎች ባትሪ ምን ያህል እንደደከመ ዝግታ ለገዢዎች እየነገረ ገበያውን ዘጋበት። ነጋዴው ደግሞ ዛሬ ጠዋት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለ ከተማ ሄጄ ተመለስኩ ይላል።

«በኤሌክትሪክ መኪና ሦስት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር!» አለች ሳጅኗ ዓይኗ እየበራ። «መንገዱ ላይ አንድም ቻርጅ ማድረጊያ የለም። ይዋሻል ጋሼ፣ ያዝነው!»

ነጋዴውን ሱቁ ሄድንበት። በረድፍ ከቆሙት መኪናዎች መሐል ቆሞ ጥርሱን እየፋቀ ሰማንና ከት ብሎ ሳቀ። ወደ ጓሮ ወስዶ አንድ አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ አሳየን።

«በዚህች ነው የሄድኩት። የኤሌክትሪክ እሸጣለሁ እንጂ ረጅም መንገድ እነዳለሁ አልኩ?» ነዳጅ የሞላበትን ደረሰኝ፣ የከተማዋ መግቢያ ላይ ትራፊክ የቀጣበትን ወረቀት ሰጠን። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ይላል። ሳጅኗ ማስታወሻዋ ላይ ስሙን ሰረዘችው።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የዝግታ ቤት ደረስኩ። ሁለት ክፍል ቤት ናት። ሚስቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ንጹሕ ቱታ ታጥፋለች፤ አጥፋ ትጨርስና ዘርግታ እንደገና ታጥፈዋለች።

«ዘንግቶ ነው የሞተው ይላሉ» አለችኝ ቀና ሳትል። «ሹፌሩ ባያስነሳው እንኳ ጥፋቱ የእሱ ነው ይላሉ። እሱ አይዘነጋም። የበር ቁልፍ ሦስቴ ነው የሚነካው። ከቤት ወጥተን መንገድ ላይ ደርሰን ምድጃውን ሊያይ ይመለሳል። ስንት ጊዜ ተጣልቼዋለሁ!»

«ሥራ ላይም እንዲሁ ነበር?»

«ይብሳል እንጂ። መኪና ሲከፍት መጀመሪያ ያቺን መሰኪያ ይነቅልና ኪሱ ይከታታል። ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጣትም። "ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥኳት ሌላ ሰው መልሶ ይሰካታል፤ ኪሴ ካለች ግን ነፍሴ ኪሴ ናት" ይለኛል። አንድ ቀን ረስቶ እቤት ይዟት መጣ። ደንበኛው መኪናዬ ሞተች ብሎ ሲጮህ፣ እኛ ደግሞ እራት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን እናያታለን። ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ!» ልትስቅ ሞከረችና አቃታት።

«ምን ዓይነት መሰኪያ ናት?»

«ይቺን የምታክል» አለች ጡጫዋን ጨብጣ። «ብርቱካንማ፣ እጀታ ያላት። የባትሪውን ኃይል የምታቋርጠው እሷ ናት።»

ብርቱካንማ የፕላስቲክ እጀታ አንድ። በራሴ ፊርማ ያለፈ ነገር ነው፤ በራሴ ላይ አፈርኩ።

«እመቤቴ፣ ሰሞኑን የነገረሽ ነገር አለ?»

«ሰኞ ከመጣ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረውም። "የራሴን እጅ ምልክት አየሁት" አለኝ። ምን ማለት ነው ብለው፣ መጀመሪያ ለሰውየው ልንገረው፣ ከዚያ ለአንቺ አለኝ።»

ሳጅኗ ጣቢያ ቀድማኝ ፖስታውን ከፍታ ጠበቀችኝ። እጀታዋ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብላለች። የቴክኒክ ባለሙያችን አንስቶ አገላበጣት።

«ይቺ እኮ ማቋረጫዋ ናት። የባትሪው መሰኪያ።»

«ትናንት ማቋረጫው ቦታው ላይ ነው አላልከኝም?»

«ነው። መኪናዋ ላይ ተሰክቷል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አንዲት መኪና ስንት አላት?»

«አንድ» አለኝ።

ነገሩ ሕፃን የሚገባው ነው። ዝግታ መሰኪያውን ነቅሎ ኪሱ ከቷል፤ ሞቶ እንኳ ኪሱ ውስጥ ነበረች። ባዶውን ቦታ ያገኘ ሌላ ሰው ሌላ መሰኪያ ከሌላ መኪና አምጥቶ ሰካበት፤ ከዚያ ሁለተኛውን ቁልፍ ይዞ ገብቶ አስነሳ። ዝግታ የመኪናዋ አፍንጫ ላይ ተደፍቶ ስለሚሠራ መሰኪያው በሚገባበት የኋላ ወንበር ሥር የሚደረገውን ማየት አይችልም። ይህ ደግሞ የታክሲ ሹፌር ሥራ አይደለም። ሹፌር ሁለተኛ መሰኪያ ከየት ያመጣል?

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጋራዡ ገባን። ባለጋራዡ አልነበረም። ስቶሩ የብረት በር ነው፤ ቁልፉ ያለው ባለጋራዡና ዝግታ ጋ ብቻ እንደሆነ ሠራተኞቹ ነገሩን። የዝግታ ቁልፎች መሳቢያው ውስጥ ተቆልፎባቸው ነበር። መሳቢያውን ከፍተን በእነሱ ስቶሩን ከፈትን። ከኋላ ወደ ጎዳና የሚያወጣ ሌላ በርም አለው።

ውስጡ የተጋጨ፣ ፊቱ የተጨፈለቀ፣ ልክ እንደ ታክሲዋ ያለ መኪና ቆሟል። ባለሙያችን የኋላ ወንበሩን አነሳ። መሰኪያው የሚገባበት ጉድጓድ ባዶ ነው። ዙሪያውን ያለው አቧራ ትኩስ ነው የተነካው። ግድግዳው ላይ ባሉት መደርደሪያዎች ደግሞ የተወገዱ የባትሪ ክፍሎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ በነጭ ቀለም ቀን ተጽፎ ትልቅ የመስቀል ምልክት ተደርጎበታል።

«ይኼ የዝግታ እጅ ነው» አለ አንዱ መካኒክ። «የሞተውን እንዲህ ምልክት አድርጎ ነው የሚያስወግደው። ሌላ ሰው በስሕተት እንዳይገጥመው።»

ሁለት መደርደሪያዎች ባዶ ናቸው። ታክሲዋ አሁንም ምርመራ ላይ ስለሆነች የባትሪውን ክዳን አስከፈትኩ። ባለሙያው የእጅ ባትሪ ይዞ ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ለእኔም ቦታ ለቀቀልኝ። በባትሪ ነገር ምንም የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ይኼን ግን አየሁት። ከእያንዳንዱ ክፍል ጎን ነጭ መስቀል አለ። አንዳንዱን ሊፍቁት ሞክረው ተሰላችተው ትተውታል። ሹፌሩ የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ከፍሎ የገዛው «አዲስ» ባትሪ፣ ዝግታ ራሱ ከሁለት ዓመት በፊት ሞቷል ብሎ የጣለው ነው።

«ባለጋራዡ ነው» አለች ሳጅኗ። «ግን እኮ ጋሼ፣ ሰዓቱ? ከሦስት ከአምስት እስከ አራት ከሠላሳ አምስት ቻርጅ ማድረጊያው ጋ ነበር። ደረሰኙን አይተናል።»

ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ኮማንደሩ የሰጠኝ ጊዜ ሦስት ሰዓት እንኳ አልቀረውም።

«ጣቢያውን ላየው» አልኩ።

ቻርጅ ማድረጊያው ከጋራዡ በእግር ዐሥር ደቂቃ ነው። አራት ማሽን፣ አንድ ዛፍ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ የተንጋደደ ሰልፍ። ባለቤቴ ማታ መብራት ጠፍቶ ስላላስሞላችው የእኔዋም ዐሥራ አምስት በመቶ ላይ ደርሳለች። ተራ ሲደርሰኝ ሰካኋትና አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ደረሰኙን ደጋግሜ ማየት ጀመርኩ። ሐሳቤ ጠፍቶ ስንት እንደቆየሁ አላውቅም፤ አንድ ጡሩምባ ጆሮዬን በጠሰው።

«አባቴ! ሰማንያ ሁለት ደርሷል እኮ! ይንቀሉ እንጂ!»

ከትንሽ ቀይ መኪና ውስጥ አንዲት መነጽር ያደረገች አስተማሪ አንገቷን አውጥታ ታፈጥብኛለች።

«ልሙላው ብዬ ነበር» አልኳት።

«መሙላት? እዚህ?» ከመኪናዋ ወረደች። «ቤትዎ ይሙሉት! እዚህ ሰማንያ ሲደርስ ማንም ይነቅላል። ከሰማንያ በኋላ ይንቀረፈፋል። እስከ ሰማንያ ሠላሳ ደቂቃ፣ የቀረችው ሃያ ደግሞ አንድ ሰዓት! እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከትናንትናው ሰውዬ ተምረው ነው?»

ገመዱን ይዤ እንደቆምኩ ደረቅሁ።

«የትኛው ሰውዬ?»

«ትናንት ጠዋት። ሰክቶ ጠፋ። እኔ አራት ሰዓት ትምህርት አለኝ፤ እዚህ ቆሜ ቁጥሩን አያለሁ። ሰማንያ አምስት፣ ሰማንያ ስድስት… መስታወቱ ላይ ስልክ ቁጥሩን ለጥፏል፤ ደወልኩ፣ ደወልኩ፣ አያነሳም። በመጨረሻ ከመንገድ በእግሩ እያለከለከ መጣ። ሸሚዙ በላብ ርሷል። ስሰድበው ቃል አልመለሰልኝም።»

«መልኩን ታስታውሺዋለሽ?»

«በሕልሜ ሁሉ አይቼዋለሁ! ጸጉሩ የሸበተ። የቅርቡ ጋራዥ ባለቤት ነው። ባለፈው ዓመት ለእኔ ራሱ "ከሰማንያ አታሳልፊ፣ ባትሪም ይጎዳል፣ ሰውም ያስቆጣል" ብሎ የመከረኝ እሱ ነው።»

ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ። ሦስት ከአርባ አምስት፣ ሦስት ከሃምሳ ሁለት፣ አራት ከሁለት። ሦስት ጥሪ፣ ሦስቱም ያልተነሳ። ደረሰኙ ያሳየን መኪናዋን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም። መኪና ደግሞ ብቻዋን ቻርጅ ታደርጋለች፤ አጠገቧ ሰው አያስፈልጋትም። ይህንን ለማወቅ በወጥ ቤቴ መስኮት ገመድ አውጥቼ እየተኛሁ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ! አስተማሪዋን እቅፍ አድርጌ ብስማት ደስ ባለኝ፤ ግን መኪናዬን ነቅዬ ቦታውን ለቀቅኩላት። እሱ ነበር የምትፈልገው።

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ባለጋራዡ ከፊቴ ተቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርቱካንማ መሰኪያዎች ጎን ለጎን አስቀምጫለሁ። አያቸው፤ ወደ እኔ አየ፤ እንደገና አያቸው።

«ይቺ ከታክሲዋ ላይ የተነቀለችው ናት» አልኩት። «ይቺ ደግሞ ከዝግታ ኪስ። ስቶርህ ውስጥ ባለው መኪና ላይ ያለው ጉድጓድ ባዶ ነው።»

«ጠላት አለኝ…»

«ትናንት ከሦስት ከአርባ አምስት ጀምሮ ሦስቴ ተደውሎልህ አላነሳህም። አራት ከሠላሳ አምስት ላይ በእግርህ እየሮጥህ ቻርጅ ማድረጊያው ደርሰሃል። ያየችህ ሰው ከአንተ ጋር ገና አልጨረሰችም።»

ሳጅኗ ከታክሲዋ ባትሪ የተነሳውን የነጭ መስቀል ፎቶ ከመሰኪያዎቹ አጠገብ አስቀመጠች። ያኔ ትከሻው ወደቀ።

«ለመንኩት» አለ። «ሰኞም ማክሰኞም ለመንኩት። ለዚህ ሰውዬ ሌላ ባትሪ እሰጠዋለሁ፣ አፍህን ብቻ ያዝ አልኩት። "የሌሎቹስ?" አለኝ። ዐሥራ አንድ መኪና ነው። ዐሥራ አንዱንም ባለቤቶች ጠርቼ እነግራቸዋለሁ አለ። ሃያ ዓመት የሠራሁትን ቤት በአንድ ቀን ሊያፈርሰው ነው። እኔ ነኝ ሙያ ያስተማርኩት!»

«ኪሱ እንደሚከታት ታውቃለህ አይደል? መሰኪያዋን።»

«አውቃለሁ። አብሮን የኖረ ልማዱ ነው። በዚያ ሰዓት ሠራተኞቹ ሁሉ ቁርስ ይወጣሉ። ሲወድቅ ከኪሱ አውጥቼ ስቶሩ ውስጥ ባለው መኪና ላይ ልሰካት ነበር። ማንም አያውቅም ነበር። ግን…»

«ግን ምን?»

«በሩ ተንኳኳ። ስቶር ገብቼ ጠበቅሁ። ሹፌሩ ሬሳ አይቶ ይሮጣል፣ ሰው ሊጠራ ይወጣል ብዬ። አልወጣም። ደረቱ ላይ ወጥቶ ይጫናል፣ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ ይጫናል። ሃያ አምስት ደቂቃ! ሰው እኮ ይደክመዋል። አንዴ እንኳ ቢነሳ…» አንገቱን ደፋ። «አልተነሳም።»

ሳጅኗ ብዕሯን አስቀምጣ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሰውየውን ለእስር የዳረገው ሬሳው ላይ መገኘቱ ነበር። ማስረጃውን ከነፍሰ ገዳዩ እጅ የጠበቀችውም ያቺው ሃያ አምስት ደቂቃ ናት።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ፋይሉን ኮማንደሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ገልጦ አነበበ፣ ሽፋኑ ላይ የነበረውን የሹፌሩን ስም ሰረዘ፣ «ጥሩ» አለና ሻይ አዘዘልኝ። ከእሱ አፍ ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

ሹፌሩን ራሴ ሄጄ ከፈትኩለት። ቀበቶውንና የጫማ ማሰሪያውን ስሰጠው እየተያየን ነበር፤ የማሰሪያውን ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ማስገባት አቅቶት ሳጅኗ ጎንበስ ብላ አሰረችለት። ሁሉንም ነገር ነገርኩት፤ መሰኪያዋን፣ ነጭ መስቀሉን፣ ለምን እንደተጠራ።

«እና ትናንት ሊነግረኝ ነበር?» አለኝ።

«ሊነግርህ ነበር። በዓይንህ ሊያሳይህ።»

ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ቁጭ አለ። ነጻ ስለወጣ ይደሰታል ብዬ ጠብቄ ነበር። ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

«እኔ እኮ ሌባ ብዬዋለሁ። እገልሃለሁ ብዬዋለሁ። ለእኔ የቆመ ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ ፊት ለፊት ከእኔ የሰማው የመጨረሻ ቃል እሱ ነው። አሁን ይኼን ይዤ ወዴት ልሂድ?»

መርማሪ ፖሊስ ለዚህ የሚሆን ወረቀት የለውም። ክንዱን ይዤ ወደ ውጭ አወጣሁት።

የዝግታ ሚስት በሩ ላይ ቆማለች። ሳጅኗ ደውላ ነግራታለች። ሹፌሩ ሲያያት ቆመ፤ ትናንት የመታችበት ቦታ ላይ እጁን አደረገ። እሷ መጥታ እጁን ከደረቱ ላይ አነሳችና በሁለት እጆቿ ያዘችው።

«በዚህ እጅህ ነው?» አለችው።

«አዎ እህቴ። ልመልሰው አልቻልኩም። ይቅር በይኝ። ጮሄበታለሁ፣ ሰድቤዋለሁ…»

«ነግሮኛል» አለች። «ሰኞ ማታ እራት አልበላም ብሎ ቁጭ ሲል፣ ማን አስከፋህ አልኩት። "አንድ ሹፌር ሲጮህብኝ ዋለ፤ ምን ላድርገው፣ ሰውየው እኮ ልክ ነው፤ እኔም ብሆን ከዚህ በላይ እጮህ ነበር" አለኝ። አልተቀየመህም። ሰምተሃል? አንድ ቀንም አልተቀየመህም።»

ሰውየው ተንበርክኮ ግንባሩን እጆቿ ላይ አደረገ። እሷም ከጎኑ ተቀመጠች። ሁለቱም ሳይነሱ ብዙ ቆዩ፤ እኔም ተነሱ የሚላቸው እንዳይኖር በሩ ላይ ቆምኩ።